ከኳስ ሜዳ ወደ ፖከር ጠረጴዛ፦ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ! ጉልበቴን ተጎድቼ ኳስ ካቆምኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ «የማንቼው ቴዲ ሼሪንግሃም እኮ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ፖከር ተጫውቶ ብር ዛቀ» አለን። እውነት ነው? እኔም ኮንከር ላይ በሰፈራችን የሚችለኝ የለም። ስፖርተኛ ለፖከር ይሆናል የሚባለውስ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ጓደኛህ አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። በ1999 ባርሴሎና ላይ ባየርን ሙኒክን ያስለቀሰው ሼሪንግሃም ኳስ ያቆመው በ2008 ነው፣ በ42 ዓመቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2010 ፖርቱጋል ቪላሙራ ላይ በአውሮፓ ፖከር ቱር (በየከተማው እየዞረ የሚካሄድ ትልቅ የፖከር ውድድር) 5ኛ ወጥቶ 93,121 ዩሮ ወሰደ። ቀልድ አይደለም። ግን ካርታው ላይ አልቀረም፤ በ2015 የእንግሊዙ ስቲቨኔጅ አሰልጣኝ ሆነ፣ ከዚያም ሕንድ ሄዶ አሰለጠነ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። «እገሌ በፖከር ይህን ያህል አገኘ» ሲባል የሚቆጠረው የተሸለመው ብቻ ነው። ለመግቢያ የከፈለው፣ ሆቴሉ፣ የአውሮፕላኑ ቲኬት፣ ባዶ እጁን የተመለሰባቸው ውድድሮች አይቀነሱም። በ2019 ላስ ቬጋስ ላይ የተደረገውን ዋናውን የዓለም ውድድር ተመልከት። መግቢያው 10,000 ዶላር፣ ተጫዋቹ 8,569፣ ብር ያገኙት ደግሞ 1,286 ብቻ። ሌሎቹ በሙሉ ተበሉ።

ከ1,286ቱ አንዱ ሪቻርድ ሲይሞር ነበር። ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ጋር ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል የሻምፒዮና ፍጻሜ) የበላ፣ በአሜሪካ ፉትቦል የታወቀ ግዙፍ ተከላካይ ነው፤ 131ኛ ወጣ። ግን ልብ በል፣ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው በኳስ ሀብታም ከሆነ በኋላ ነው። 10,000 ዶላር ቢበላ የቤት ኪራይ አይጎድልበትም፣ ስለዚህ አይፈራም፣ የማይፈራ ሰው ደግሞ ጥሩ ይወስናል። ስፖርተኛ ለፖከር ይሆናል ሲባል ይህ ነገር ሁሌ ይረሳል።

ሌላ ጥቅም የለውም አልልህም። ስፖርተኛ ሽንፈት ለምዷል፣ ቀኑን ሙሉ ሳይዘናጋ መቀመጥ ይችላል፣ ተበላሁ ብሎ በንዴት ደርቦ አያስይዝም (ቢያንስ ጥሩው)። ፊንላንዳዊው ፓትሪክ አንቶኒየስ በወጣትነቱ ቴኒስ ተጫዋች ነበር፤ ጉዳት አስቆመውና ወደ ካርታ ዞረ፣ በ2024 የፖከር የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ግን እሱ የጀመረው ገና ልጅ ሆኖ ነው፣ ሙሉ ዕድሜውንም ለዚህ ሰጥቷል።

ኮንከሩን በተመለከተ፣ ወንድሜ፣ የሰፈር ጓደኞችህን መብላት ሌላ ነገር ነው። ፖከር ላይ ሁለት አስ ይዘህ (ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የለም) ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ብትጋጠም እንኳ፣ ያለህ ብር በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ፣ ከአምስት አንዴ ገደማ ትሸነፋለህ። ምንም ሳታጠፋ! ይህን ለወራት የሚችል ገንዘብ ከሌለህ እኔ ብሆን የአሰልጣኝነት ኮርስ ነበር የምፈልገው።

ጥያቄ፦ ከሴቶችስ ፖከር ውስጥ የገባች ስፖርተኛ አለች?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አለች፣ እንዲያውም የኦሎምፒክ ሜዳልያዎች ያላት። ሆላንዳዊቷ ፋቲማ ሞሬራ ደ ሜሎ በሜዳ ሆኪ ሲድኒ ላይ ነሐስ፣ አቴንስ ላይ ብር፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ ወርቅ ወሰደች። ከዚያ ፖከርስታርስ የሚባለው የኢንተርኔት ፖከር ኩባንያ አስፈረማትና የኩባንያውን ስም ይዛ ለዓመታት ተወዳደረች። ኩባንያው ናዳልን፣ ብራዚላዊውን ሮናልዶንና ቦሪስ ቤከርንም ለማስታወቂያ ይዟቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ታዋቂ ስፖርተኛ ፖከር ሲጫወት ስታዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ምን ያህል አሸነፈ ሳይሆን መግቢያውን ማን ከፈለለት ነው። እሷ ግን ለታይታ ብቻ አልተቀመጠችም፤ ኩባንያው ካስፈረማቸው የስፖርት ኮከቦች መካከል ጨዋታውን በቁም ነገር ከያዙት አንዷ ነች።