«ምንም አላየንም» ብላችሁም ጻፉ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያዘኝ። «ጋሼ፣ አበል የሌለው የዱር እንስሳት ቆጠራ ውስጥ ብገባ ምን አገኛለሁ?» አለኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አንዛ ቦሬጎ በሚባል በረሃ ስለሚካሄደው የተራራ በግ ቆጠራ አንብቦ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ውሃ ዳር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። በጉ በዚያ ቃጠሎ ውሃ ፍለጋ መውረዱ አይቀርማ። «ሰው በነፃ እንዲህ ይንገላታል?» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን ደጀን ትዝ አለኝና እንቅልፍ እምቢ አለ።

ወጣት ባለሙያ ሳለሁ ሰስ ልንቆጥር ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወረድን። ሰስ በሰኮናዋ ጫፍ ቆማ ገደል ለገደል የምትሄድ ትንሽ እንስሳ ናት። ገና ሳይነጋ ቦታ ይዘን፣ አፋችንን ዘግተን፣ ማዶውን በባይኖኩላር ስናስስ ዋልን። ያየነው ዝንጀሮ ብቻ። መንገድ ያሳዩን አዛውንት ድሮ አዳኝ ነበሩ። ከሰዓት ሲሆን መቀመጡ ሰለቻቸውና ተነሡ። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ አሉና «ኑማ ልጆቼ» አሉን። የደረቀች ጭራሮ ጫፍ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ጠብታ ተጣብቋል። ሰስ ከዓይኗ አጠገብ የሚወጣውን ፈሳሽ እንዲህ እየቀባች ክልሏን ታስከብራለች። ብነካው ጣቴን ያዘኝ። ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ ቦታ የተከመረ የሰስ በጠጥ አለ።

ቅጹ ላይ «0» ብዬ ሞላሁ። ከሥሩ ስለ ጠብታውና ስለ በጠጡ ጻፍሁ። አለቃችን አየት አድርጎ «ዜሮ ሪፖርት አይሆንም» አለና ወደ ጎን ጣለው። ማጠቃለያው ላይ የደጀን ስም እንኳ አልተነሣም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማንም ያልሄደበት ቦታና ተሄዶ የታጣበት ቦታ እንዴት አንድ ይሆናል? ስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 የዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲገባ አንዱ ምክንያት የዋልያ ቁጥር መቀነስ ነበር። ቀነሰ ለማለት የበፊቱን የመዘገበ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ መነሻ መረጃ ግን ቅርጫት ገባ። አዛውንቱም አርፈዋል።

ውሃ ያዙ፣ ጫማ አድርጉ እያልሁ አላሰለቻችሁም። የዘንድሮ ልጆች ግን ከእንስሳው ይልቅ የራሳችሁን ፎቶ ትወዳላችሁ። ስልካችሁን ቤት ተዉት ልል ነበር። ደግሞ ሳስበው፣ ያኔ ያቺን ጠብታ ፎቶ ባነሣት ኖሮ አለቃዬ እንዲያ በቀላሉ አይጥላትም ነበር። እሺ፣ ያዙት፤ ድምፁን ብቻ አጥፉልኝ።

አንተ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ለሲቪህ አንድ መስመር ታገኛለህ። እግርህም ይላላጣል። መሄድህ ቁርጥ ከሆነ ደውልልኝ፣ ባይኖኩላሬን አውስሃለሁ። ሌንሱን በሸሚዝህ እንዳትጠርገው።