መግቢያ ያጡት አዛውንት

ሳክስ ለያዛችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ሌላው ሰው ቢያነበው ቅር አይለኝም፣ ጉዳዬ ግን ከእናንተ ጋር ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ ሰርግ ላይ ስንጫወት አዛውንቶቹ ሽለላ ንፉልን አሉ። ደስ አለኝ። ያኔ ጣቴ ፈጣን ነበር፣ ከመጽሐፍ የቃረምኳቸው የፈረንጅ ዘዴዎችም ነበሩኝ፣ ሁሉንም እዚያው አራገፍኳቸው። ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ሊፎክሩ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ እኔ እነፋለሁ። እንደገና ከፈት፣ እኔ አሁንም እየነፋሁ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክረው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሰው አጨበጨበልኝ። እሳቸው አላጨበጨቡም፣ እኔም የዚያን ማታ ክትፎ አልጣፈጠኝም።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ የሳክስ ነፊውን የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሸክላ ደጋግሜ ስሰማ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፈው) በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ አሳታሚው ፊሊፕስ የወጣውን ማለቴ ነው፣ ኋላ በ2003 የፓሪሱ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ ኢትዮፒክስ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 14ኛ አድርጎ አወጣው። ድምፃዊ የለበትም፣ ግን ሰው ሲናገር የምትሰሙ ይመስላችኋል። ጋሽ ጌታቸው የይፋት ሰው ነበሩ፣ ሳክስ ከመያዛቸው በፊት ክራርና ማሲንቆ ነክተዋል፣ በ1949 ገና ልጅ ሆነው ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፣ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ስማቸውን ያስጠራው ግን የባንድ ሥራው ሳይሆን የፎካሪውን አፍ ቴነር ሳክስ ላይ መግጠማቸው ነው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር አድርገው የሚወጡትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሽለላውን ስሙት። አንድ ኖታ ይይዛሉ፣ ያንቀጠቅጡታል፣ ያሻክሩታል፣ ከዚያ ቃላት እንደተከመሩበት ሰው ተንደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። ከዚያ ዝም። ያቺ ዝምታ! ከኋላ ከበሮውና ባሱ ሳይቸኩሉ ይሄዳሉ፣ እሳቸው ትንፋሽ ይሰበስባሉ፣ እናንተ ደግሞ ሳታስቡት በልባችሁ «በለው!» ትላላችሁ። እኔ ለዚያ አባት የነፈግኳቸው ይህችኑ ነበር። እየፎከርኩ መስሎኝ ፎካሪውን አስቀመጥኩት።

ፈረንጆቹ ጋሽ ጌታቸውን ከአሜሪካዊው የጃዝ ሳክስ ነፊ ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል። ያመሳስሉ፣ ጩኸቱ ይቀራረባል። ግን እሳቸው ያን ድምፅ ያመጡት ከኒውዮርክ አይደለም፣ ከጦር ሜዳ ፉከራ ነው። እናንተ ግን የኒውዮርኩንም ስሙ፣ ኩራት አይያዛችሁ። ሌላው አሜሪካዊ የጃዝ ሳክስ ነፊ ጆን ኮልትሬን በዲሴምበር 1964 «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የተባለውን አልበም ሲቀርፅ በመጨረሻው ክፍል የራሱን የጸሎት ግጥም በሳክሱ ነው ያነበበው፤ ግጥሙን ይዛችሁ ብትሰሙት ቃሉና ኖታው አብረው ሲሄዱ ታገኙታላችሁ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ በፉከራ አንዱ በጸሎት፣ ከሳክሱ በፊት ቃል ነበራቸው።

ስለዚህ አሁን ወደ እኔ ለሚመጡት ተማሪዎች መጀመሪያ ሳክሱን አስቀምጡት እላቸዋለሁ። ያኮርፋሉ። ብዙ ብር የወጣበት ዕቃ ነዋ! ግን አንድ የሽለላ ስንኝ በቃላችሁ ያዙ፣ ከአያታችሁም ይሁን ከዩቲዩብ። ጮክ ብላችሁ በሉት። የት ተነፈሳችሁ? የትኛው ቃል ላይ ድምፃችሁ ሻከረ? እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ያንኑ ስንኝ በአንድ ኖታ ብቻ ንፉት፣ አዎ በአንድ፣ ቤት ያለ ሰው ምን እንደተናገራችሁ እስኪገባው ድረስ። አምባሰሉና አንቺ ሆዬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቅኝት በሁለት ወር ጣት ውስጥ ይገባል። ንግግሩ ነው ዕድሜ የሚፈጀው።

ሌላም አለ፣ ዕድሜ። ጋሽ ጌታቸው ከሆላንዱ ፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ 2006 ነበር፣ ሰባ አልፏቸዋል። የፓንክ ጊታር ከኋላቸው እየጮኸ እሳቸው ያንኑ ሽለላ ነው የነፉት፣ የወጣትነታቸውን። ስለዚህ በ22 ዓመቴ አልታወቅኩም ብላችሁ ስትደውሉልኝ ትንሽ ሳቅ ይመጣብኛል፣ አትቀየሙኝ።

እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሳክሱን ከሳጥኑ ሳላወጣ ወጥ ቤት ቆሜ እፎክራለሁ። ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች «አሁን ደግሞ ማንን ልትገድል ነው?» ትለኛለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንፋሼን እሰበስባለሁ።