ለታይገር ፊሽ ወፍራም ክር አይበቃም፣ ሽቦ እሰርበት

ክርህን የቆረጠብህ የዓሣው ጥርስ ነው። ጎርጎራ ላይ አምባዛ የምትይዝበት 0.40 ሚሊ ሜትር ናይለን ክር ባሮ ወንዝ ላይ ሦስት ጊዜ ከነመንጠቆው ሄደብኝ ብለሃል። የታይገር ፊሽ የላይና የታች ጥርስ እንደ መቀስ ይገጥማል። እኛ ጣና ላይ እንዲህ ያለ ዓሣ አልለመድንም።

ዋናውን ክር አትቀይር። ከመንጠቆው በላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ጨምር። ናይለንህ 10 ኪሎ ገደማ ስለሚችል 14 ኪሎ የሚችል ሽቦ በቂ ነው። ሽቦውና ክሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የምትሽከረከረዋን ቀለበት፣ ስዊቭሏን፣ አስገባ። ጎንደር ውስጥ የማጥመጃ ሽቦ ካጣህ ቀጭኑ የጊታር ብረት ክር ይሠራል። እሱን ግን እንደ ናይለን አትቋጥረው፤ በመንጠቆው ቀለበት አሳልፈህ በራሱ ላይ ደጋግመህ ጠምዝዘው።

ለሌላ ጊዜ ክር ሲቆረጥብህ የተረፈውን ጫፍ እየው። በምላጭ እንደተቆረጠ ንጹሕ ከሆነ ጥርስ ነው። ሻክሮ ከተበጣጠሰ ድንጋይ ወይም የአምባዛ አፍ ፍቆታል። እንደ አሳማ ጅራት ከተጠቀለለ ቋጠሮህ ነው የከዳህ። ጫሞ ሐይቅ ሄደህ ናይል ፐርች የሚባለውን ዓሣ ብቻ የምትፈልግ ከሆነ ሽቦ አያስፈልግህም፣ ወፍራም ናይለን ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ ከያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ሽቦውን በጣትህ ዳስሰው። እኔ ትንሽ የታጠፈች ሽቦ በእጄ አቃንቼ መልሼ ወረወርኩ። የሚቀጥለው ዓሣ ገና ሲጎትት እዚያችው እጥፋት ላይ ቀጭ አለች። ከታጠፈ ቆርጠህ ጣለው፣ አዲስ እሰር።