የሕግ ምክር፦ በቴፕ የተጣበቀ የሕንፃ መስታወት ሲንሸራተት የአንድ ዓመት ዋስትና ያበቃል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ አለኝ። የፊት ለፊቱን መስታወት አንድ የአሉሚኒየም ድርጅት በሁለቱም በኩል በሚያጣብቅ ቴፕ ከፍሬሙ ጋር አያይዞ አስረከበኝ። ርክክቡ ከተፈረመ 14 ወር ሆኖታል። አሁን ሦስት መስታወቶች ወደ ታች ተንሸራተዋል፤ አንዱ ከነማዕዘኑ ተላቋል። ድርጅቱ «የአንድ ዓመት ዋስትናችን አልቋል» ይለኛል። መብቴ ምንድን ነው? በምንስ አስረዳለሁ?

መልስ፦ አስቸኳዩ ጉዳይ የእርስዎ ግዴታ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 መሠረት ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። የእርስዎ ደግሞ ከወዲሁ በዓይን የሚታይ አደጋ ነው። ከሥሩ ያለውን የእግረኛ መንገድ ዛሬውኑ በአጥር ይዝጉ፤ መስታወቶቹንም በብረት መያዣ ያስደግፉ። ሊወድቅ የደረሰው ግን ለማስረጃ ተብሎ አይቆይም። በምስክሮች ፊት፣ ቀን በሚያሳይ ፎቶግራፍ እየተቀረጸ ይውረድ፤ ቴፑ ሳይፋቅና ሳይጸዳ ከነመስታወቱ ይቀመጥ።

ወደ ዋስትናው ስንመጣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ጊዜውን የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። በውሉ ላይ ያለው አንድ ዓመት የመያዣ ገንዘብ የሚለቀቅበት የእርማት ጊዜ ሊሆን ይችላል እንጂ የ10 ዓመቱን ኃላፊነት አያስቀርም።

ድርጅቱ ግን ሁለት መከላከያ ሊያነሳ ይችላል። አንደኛው «እኛ ዕቃ ሸጥን እንጂ ሕንፃ አልሠራንም» የሚል ነው። ሽያጭ ነው ከተባለ የክስ ጊዜው በጣም ያጥራል። ስለዚህ በውሉ ላይ «ማቅረብና መግጠም» የሚሉ ቃላት፣ የሥራ ሥዕል፣ በካሬ ሜትር የተሰላ የገጠማ ክፍያ ካለ እሱን ያስቀድሙ። ሁለተኛው በቁጥር 3040 ላይ ይቆማል፤ በርክክብ ጊዜ በቀላሉ ሊታይ ይችል የነበረ ጉድለት በዋስትናው አይሸፈንም። በመስታወትና በአሉሚኒየም መካከል የተቀበረ ቴፕ ግን በዓይን የሚመረመር አይደለም። ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ የቴፑ ምርመራ የክሱ ወገብ ነው።

የወረደውን መስታወት ቴፕ ባለሙያ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው የተለያየው የት ላይ ነው የሚለውን ነው። ፎሙ (ስፖንጅ መሰሉ የቴፑ መሐል) ራሱ መሐል ለመሐል ተቀድዶ በሁለቱም ገጽ ላይ ከቀረ ማጣበቂያው ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው በቴፑ መጠን ስሌት ነው። ከአሉሚኒየሙ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ቀለም የተቀባው ፕሮፋይል (የአሉሚኒየሙ ፍሬም) በአይሶፕሮፒል አልኮልና በውኃ ቅልቅል አልጸዳም፣ ፕራይመር (ቴፑ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ) አልተቀባም ወይም ሲለጠፍ በሮለር አልተጫነም። ከመስታወቱ በኩል ከተላቀቀም ጥያቄው ያው ነው፤ በዚያ በኩል የሚፈለገው ፕራይመር ለመስታወት የሚሆነው የሲሌን ዓይነት ነው።

በስሌቱ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። አክሪሊክ ፎም ቴፕ ድንገተኛ ጉተታን በኃይል ይቋቋማል፤ ለማያቋርጥ ክብደት ግን ቀስ እያለ ይሳባል። ለስትራክቸራል ግሌዚንግ (መስታወትን ከፍሬም ጋር በማጣበቂያ ለመያዝ) በተሠሩት ቴፖች፣ ለምሳሌ በስሪኤም ቪኤችቢ፣ ለነፋስ የሚፈቀደው 85 ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ) ሲሆን ለቋሚ ክብደት የሚፈቀደው 1.7 ብቻ ነው። 1.2 በ1.5 ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት 27 ኪሎ ይመዝናል። ለአንድ ኪሎ ፓስካል የነፋስ ግፊት 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቴፕ ይበቃዋል። ለክብደቱ ግን ከ1,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ የተጣበቀ ገጽ ይፈልጋል፤ ዙሪያውን በ15 ሚሊ ሜትር ቴፕ ቢለጠፍ የሚገኘው 810 ብቻ ነው። ከሥር ክብደቱን የሚሸከም የጎማ ብሎክና ድጋፍ ከሌለ መንሸራተቱ አይቀርም። «በእጃችን ስበን ሞክረነው ይዟል» የሚል መልስ ስለ ቋሚ ክብደት ምንም አያስረዳም።

ሌላው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ አለ። እንዲህ ያለው ቴፕ ከ15 ዲግሪ በታች አይለጠፍም፤ ማጣበቂያው ደንድኖ ገጹ ላይ በደንብ አይዘረጋም፣ ጤዛ ካለም ጭራሽ አይዝም። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘውም በክፍል ሙቀት ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። የሳይት መዝገቡን ይጠይቁ፤ ገጠማው በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት እንደተሠራና መስታወቱ ያን ቀን ተሰቅሎ እንደሆነ ይታያል። የቴፑ ካርቶን ላይ ያለው የምርት ቀንም ይፈለግ።

የማነጻጸሪያ ሙከራ ያሠሩ። ከዚያው ፕሮፋይልና ከዚያው መስታወት ቁራጭ ተወስዶ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይለጠፍ፣ 72 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ተስቦ ይላጥ። ፎሙ ከተቀደደ ዕቃው ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ የአሠራር ነው። ለሙከራው ድርጅቱን በጽሑፍ ይጥሩት። ባይመጣ እንኳ «እኔ በሌለሁበት ተደረገ» የሚለው አቤቱታ ይዳከማል። ክስ ከተመሠረተ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲመድብ ያመልክቱ።

ከክስ በፊት በቁጥር 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ጉድለቱን፣ የመታረሚያ ቀኑንና የሙከራውን ቀን ይጥቀሱ፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ፊርማ ይያዙ። ካላረመ በእሱ ወጪ በሌላ ባለሙያ እንዲሠራ ፍርድ ቤቱን በቁጥር 1777 ይጠይቁ። ልጠግን ብሎ ከመጣም የተንሸራተቱትን ሦስቱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም መስታወቶች እንዲያስደግፍ በጽሑፍ ይስማሙ፤ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ግን አይፈርሙ።