የደቁ ዕቃ ቤት፣ ሲሚንቶውና ወፎቹ

ከጣና ሐይቁ ደቅ ደሴት አንድ ወጣት ዲያቆን ጽፎልኛል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት በድንጋይና በኖራ የተሠራ የጥንት ቤት ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት የሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ያኔውኑ ግድግዳው ከውጭ ተለሰነ። አሁን ከበሩ በስተግራ ልስኑ ከመሬት እስከ ወገብ አብጦ ይረግፋል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ከክፈፉ ሥር ወፎች የጭቃ ጎጆ ሠርተዋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገቡም አሉ። ኮሚቴው ‹ግድግዳውን የቦረቦሩት ወፎቹ ናቸው፤ ጎጆው ይፍረስ፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይደፈን፣ ለሰኔው ንግሥ ይድረስ› ብሏል። እኔ ግን ጫጩት ሲጮኽ እሰማለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኮሚቴውን አስታግስልኝ። ቤቱን ሳላይ መፍረድ ነውር ነው። ግን ደብዳቤህን ሳነብ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፤ ቆርቆሮ። የሣር ክዳን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አልፎ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮ ሲለበስ ግን ብዙ ጊዜ ወጪ ለመቆጠብ ከግድግዳው እኩል ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ግድግዳው እግር ሥር ይወርዳል፣ ፍንጣቂው እስከ ወገብ ይረጫል። አንተም ያልከኝ እስከ ወገብ ነው። የሐይቁ ርጥበት ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን ሁሉ በያዘው ነበር፤ በአንድ በኩል ብቻ አይቆምም። አሸንዳ ይኑረው አይኑረው አልጻፍክም። የለውም ብዬ እወራረዳለሁ። ካለውም ያ በጣት ሲጫኑት የሚጎብጠው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

አሁን ቢላዋ ያዝና ውጣ። ልስኑን ጫር አድርገው። በቀላሉ ተጭሮ ነጭ ዱቄት ከሆነ ኖራ ነው። ግራጫ ሆኖ ቢላዋውን ካንሸራተተው ሲሚንቶ ነው። ቀጥለህ በመዶሻ እጀታ አንኳኳው፤ እንደ ባዶ በርሜል የሚጮኸውን ቦታ በከሰል ክበበው። ያኔ የለሰነውን ሰው አላውቀውም፤ እጁን ግን በጣና ዙሪያ ስንት ቦታ አይቼዋለሁ። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ከላይ ፕላስቲክ ቀለም። ለምረቃው ቀን ያምራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ጠቅልለህ ታውቃለህ? ያልበዋል፣ ውሎ ሲያድር ይሻግታል። መሶብ ውስጥ ሲሆን ግን ይተነፍሳል። ኖራ መሶብ ነው፣ ሲሚንቶ ፌስታል። የድሮ ግድግዳ ከሥሩ ውኃ የሚከለክል ነገር የለውም። ከመሬት ትንሽ ይጠጣል፣ የጠጣውን በኖራው በኩል ለፀሐይና ለነፋስ ይሰጣል። ሲሚንቶ ስትለጥፍበት መውጫው ይዘጋል። ውኃው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይመጣና ከልስኑ ጀርባ ይደርቃል። ጨው ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፤ ልስኑን ይገፋዋል። ነጩ ዱቄትህ እሱ ነው። ኖራ ደግሞ ሌላም ጠባይ አለው። የኖራው ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወጣል። ውኃ ሲጠጣ ይፈላል፣ እንደ ቅቤ ይልማል። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ያን ያወጣውን ከአየር ላይ ቀስ እያለ መልሶ ይስባል፤ በወራት ውስጥ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ግን እንደ ሲሚንቶ ግትር አይሆንም። ግድግዳው ትንሽ ሲላወስ አብሮት ይላወሳል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአላታ ድልድይ አስጎብኚዎቹ «በእንቁላል የተሠራ» ይሉታል። እንቁላሉን አላየሁም፤ ኖራውን ግን በጣቴ ነክቼዋለሁ። እዚያው እናንተ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች አይደል? ያኔ ማን ሲሚንቶ ነበረው?

ወደ ወፎቹ ልመለስ። እነዚያ ጭቃ በአፋቸው እየለቀሙ ጎጆ የሚሠሩት ድንጋይ የሚፈለፍል ምንቃር የላቸውም። ስንጥቁን ሲሚንቶው ከፈተው፣ እነሱ በተከፈተው ገቡ። እንቁላል ከተጣለ ጫጩቱ እስኪበር ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ አንዳንዴም እዚያው ጎጆ ላይ ይደግማሉ። ስለዚህ በዚያ በኩል ለሰኔ አይደርስም። ለኮሚቴው ቁርጡን ንገራቸው።

ልጅ ግንበኛ ሳለሁ ዘጌ በኩል አንድ ግድግዳ ስንለስን ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነን ወረድን። ማታ ሻይ ስንጠጣ ከግድግዳው ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማን። አንድ መምሬ ባትሪ ይዘው መጡና ምንም ሳይናገሩ መብራቱን ቀዳዳው በነበረበት ላይ አቆሙት። እርጥቡን ኖራ በእጄ ማስኩት። አራት ጫጩት ነበሩ፤ የአንዷ ዓይን ኖራ ገብቶበት ተጣብቋል። የእኔም ጣቶች ለሳምንት ተላጡ። ከዚያ ወዲህ መስታወትና ባትሪ ሳልይዝ ቀዳዳ አልደፍንም። አንተም እንደዚያ አድርግ። ራቅ ብለህ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ፣ የሚመላለስ ወፍ ካለ ከዚያ ቦታ በሁለት በሦስት ሜትር ራቅ። ኩሱ በሩ ላይ እየወረደ ካስቸገረ ከጎጆው አንድ ክንድ ዝቅ አድርገህ ጣውላ ያለ መዶሻ አስደግፍበት። የደረቀውን ስትጠርግ መጀመሪያ ውኃ እርጭበት፣ አፍንጫህንም ሸፍን።

ከክረምቱ በፊት የምትሠራው ውኃውን ማራቅ ነው። በጎጆዎቹ በኩል አሸንዳ አሁን አትስቀል፤ መዶሻው ያባርራቸዋል። በዚያ በኩል ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ብለህ ቦይ ቆፍርና ሻካራ ድንጋይ ሙላበት፣ ጠብታው የሚያርፍበትንም ድንጋይ አልብሰው፤ ጠብታው ድንጋዩ ላይ ሲሰበር ፍንጣቂው ይቀንሳል። ተዳፋቱ ወደ ሐይቁ ይሁን። መቃብር እንዳትነካ ካህናቱን ጠይቅ። ጎጆ በሌለበት በኩል አሸንዳውን አሁኑኑ ስቀል፣ ወፍራሙን ቆርቆሮ ግዛ።

ፈቃዱንም በዚሁ ጀምር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ እንዳይጠገን ይላል። ወረቀቱ እስኪያልቅ ወፎቹም ይበራሉ።

ልስኑ ከመስቀል በኋላ ነው። ሲንኳኳ እንደ ባዶ በርሜል የጮኸውን ሲሚንቶ በመሮና በቀላል መዶሻ ከጠርዙ እየጀመርክ አንሣው። አጥብቆ የያዘውን ተወው፤ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል። ግራይንደር የሚባል ነገር እንዳይደርስ። የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ሁለት ሦስት ሳንቲ ጥረግ፣ አርጥበው፣ ኖራ አንድ እጅ አሸዋ ሦስት እጅ አድርገህ ሙላው። በአንድ ጊዜ የምትለጥፈው ውፍረት ከአንድ ሳንቲ አይብለጥ። እርጥብ ጆንያ አልብሰው፤ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል። ከላይ በኩል ወፎቹ የለመዷቸውን፣ ወደ ውስጥ የማይዘልቁትን ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ተውላቸው። ግድግዳው አይጎዳም።

ኖራ ስትገዛ ተጠንቀቅ። ለአሲዳማ አፈር ማሳ ላይ የሚበተነው ኖራ የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው፤ ምንም አይዝም። ጀሶም ኖራ ነው ብለው ይሸጡልሃል፤ እርጥበት አይችልም። አንተ የምትፈልገው የተቃጠለውን ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን ስማኝ፦ ውኃ ያልጠጣ ኖራ በጀልባ እንዳትጭን። ማዕበል ረጭቶ አንድ ጆንያ ከረጠበ ይግላል፣ ጆንያውን እስኪያቃጥል ይግላል። ሐይቅ መሐል የት ትሸሻለህ? ሳትጭነው ባሕር ዳር ላይ አጥፋው፤ ማለት ውኃ አጠጣው። ውኃውን አስቀድም፣ ኖራውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር፤ ኖራ ላይ ውኃ የሚደፋ ሰው ፊቱን ያጣል። ውኃ አልብሰህ ቢያንስ አንድ ወር አቆየው፤ ሲቆይ ይሻለዋል። ከዚያ ክዳን ባለው በርሜል ጭነህ ተሻገር። መነጽርና ጓንት ለሁሉም ሠራተኛ፣ አሸዋ ለሚያቀብለው ልጅም ጭምር። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ሃያ ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ደግሜ እላለሁ፤ ውኃ ያልጠጣ ኖራ በጀልባ አይጫንም፣ ባለጀልባው «እኔ ስንቴ ጭኜ» ቢልህም።

የክፈፉን ፎቶ ላክልኝ። ስታነሣው ክንድህን ከግድግዳው ወደ ውጭ ዘርጋ፤ ቆርቆሮው በስንት እንደሚያጥር ከክንድህ እለካዋለሁ።