በሁለት ቀን ቤልጂየም፦ ስንት ከተማ ይበቃል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ብራስልስ ሊልከኝ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ሥልጠናው ህዳር መጨረሻ ላይ አርብ ከሰዓት ያልቃል። የመመለሻ በረራዬ ግን እሁድ ማታ ነው። ቤልጂየም ትንሽ አገር ናት ስለሚሉኝ በሁለቱ ቀን ብሩዥን፣ ጌንትን፣ አንትወርፕን፣ ሊዬዥን፣ ከተቻለም ሉክሰምበርግን ላዳርስ አስቤያለሁ። ያስኬዳል? የት ልደር? እዚያ አገር ባቡር ብቻዬን ተሳፍሬ አላውቅም። የነቢያት ጾምም ስለሚገባ የምበላው ነገር አሳስቦኛል።

የሳቢያኗ አንባቢ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሊዬዥንና ሉክሰምበርግን ለሌላ ጊዜ ተዪያቸው። ብሩዥ፣ ጌንት፣ አንትወርፕ። ሦስቱ ይበቁሻል፣ ያውም በደንብ ከተነሳሽ ነው።

አገሩ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ስፋቱ ከ30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከብራስልስ ጌንት ያለው ርቀት ከድሬ ሐረር እንዳለው ነው። የደንገጎ ዳገት ግን የለም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ባቡሩም በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በ40 ደቂቃ ያደርስሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ፈጣን ስለሆነ አምስት ከተማ በሁለት ቀን የሚያልቅ ይመስለዋል። ከጣቢያ መሀል ከተማ መድረሱን፣ ሻንጣ መጎተቱን፣ በየሆቴሉ መግባት መውጣቱን አይቆጥረውም። በዚያ ላይ በዚያ ወቅት ቀኑ አጭር ነው። የእነሱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ብንናገረው፣ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። 10 ሰዓት ከ40 ሲሆን ትጠልቃለች። ብርሃን የምታገኚው ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እሱን ባቡር ውስጥ ማሳለፍ አያዋጣም።

ስለዚህ አርብ ሥልጠናው እንዳለቀ ሻንጣሽን ይዘሽ ጌንት ግቢ። ሁለቱንም ሌሊት እዚያው እደሪ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት እዚያ ስለሆነ ለጌንት ማድላቴ አይቀርም። ምክሬ ግን ምክንያት አለው። ጌንት በብራስልስና በብሩዥ መካከል ናት። ወደ ብሩዥ 25 ደቂቃ ገደማ፣ ወደ አንትወርፕ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣሽ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ አንቺ ባዶ እጅሽን ትዞሪያለሽ።

ብራስልስን በሥልጠናው ሳምንት ማታ ማታ እዪው። ግራን ፕላስ የሚባለው አደባባይ የሚያምረው በመብራት ነው። በ1695 የፈረንሳይ ጦር በመድፍ አጋይቶት፣ የከተማው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ የሠራው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ባቡሩ አያስፈራሽ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ያደግሁት ለገሃር አጠገብ ነው። ስለ ባቡር ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ቤልጂየም የመጀመሪያ ሐዲዷን ከብራስልስ ሜኸለን የዘረጋችው በ1835 ነው። ድሬያችን ደግሞ ባቡሩ በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የእነሱ የአገር ውስጥ ትኬት የወንበር ቁጥር የለውም። ለዚያ ቀን ከቆረጥሽ፣ በዚያ መስመር ባገኘሽው ባቡር መሄድ ትችያለሽ። አንዱ ቢያመልጥሽ የሚቀጥለውን ጠብቂ፣ ብዙም አይቆይም። ትኬቱን ግን ሳትሳፈሪ ቁረጪ፣ ባቡር ውስጥ ከገዛሽ ተጨማሪ ያስከፍሉሻል። ሰሌዳው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ጌንት የሚያደርስሽ ባቡር «ኦስተንደ» ሊል ይችላል፣ ስለዚህ መሀል ላይ የሚቆምባቸውን ጣቢያዎች አንብቢ። የከተሞቹ ስም በፈረንሳይኛና በደች ስለሚለያይም አንትወርፕ «አንቬር» ተብሎ ብታዪው እንዳትደነግጪ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሽና ብሩዥ ሂጂ። ከብራስልስ የሚመጣው ጎብኚ ከረፋዱ ጀምሮ ይጎርፋል። አንቺ ቅርብ ስላደርሽ ትቀድሚያለሽ። ከጣቢያው በእግርሽ ሂጂ። መናፈሻውን አቋርጠሽ በ1245 የተመሠረተውን የቤጊን ሴቶች (ሳይመነኩሱ በጸሎት አብረው የሚኖሩ ሴቶች) ግቢ ታገኛለሽ። ዙሪያውን ነጫጭ ቤቶች፣ መሀሉ ረጃጅም ዛፎች ናቸው። ከዚያ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ማይክል አንጀሎ ከእብነ በረድ የቀረጻት ማርያም ከነልጇ እዚያ ናት። ጠጋ ብለሽ ተመልከቻት። ልጁ ታቅፎ አይደለም። በጉልበቶቿ መካከል ቆሞ ወደ ታች ሊራመድ ነው። አንድ እጁ እጇን ይዟል። እሷ ግን አታየውም፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ታስባለች። ምን እንደሚጠብቀው ያወቀች እናት ናት። አንዴ የፈረንሳይ አብዮተኞች፣ አንዴ ደግሞ በ1944 ጀርመኖች ወስደዋት ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳለች።

አደባባዩ ላይ ያለው የደወል ማማ 366 ደረጃ አለው። ሰልፉ ከረዘመ እለፊው፣ ብዙ አይቀርብሽም። ይልቅ በቦዮቹ ዳር በዝግታ ሂጂ። ብሩዥ በመካከለኛው ዘመን ከአውሮፓ ሀብታም የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። መርከብ የሚገባበት ዝዊን የተባለው የባሕር ሰርጥ በደለል ሲሞላ ንግዱ ወደ አንትወርፕ አመራ። ደቻቱ ምን ያህል አሸዋ እንደሚጭን ያየ የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገንዘቡ ሲሄድ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራም ጠፋ። ዛሬ ዓለም የሚጎርፍላት ከተማ ከነቤቶቿ የተረፈችው በዚህ ነው። እኔ በለገሃር ባለፍኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ፣ የቀድሞው ጣቢያና ወርክሾፕ ግን ከእኛው ጋር ናቸው። ሳይፈርሱ ለልጆቻችን እንዲደርሱ ከልቤ እመኛለሁ። ብሩዥን አይተሽ ስትመለሺ አንቺም እንደምትመኚው እርግጠኛ ነኝ።

8 ሰዓት አካባቢ ጌንት ተመለሺ። ቅዱስ ባቮ ካቴድራል ውስጥ የቫን አይክ ወንድማማቾች በ1432 የጨረሱት የመሠዊያ ሥዕል አለ። የመግቢያ ሰዓት አስቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ። እሁድ ጠዋት ለጎብኚ ስለማይከፈት ቅዳሜን አታሳልፊ። መሀሉ ላይ በጉ መሠዊያው ላይ ቆሟል። ከደረቱ የሚፈሰው ደም ጽዋ ውስጥ ይገባል። ዙሪያውን መላእክት ተንበርክከዋል። ቅዳሴ እየሰማ ያደገ ሰው አስጎብኚ ሳያስፈልገው ይገባዋል። በቅርቡ በተደረገለት እድሳት የኋላ ዘመን ቀለም ሲነሳ የበጉ የመጀመሪያ ፊት ወጥቷል። ፊት ለፊት፣ አንቺን ነው የሚያየው። ታች በግራ ጫፍ ያለው ክፍል ግን ቅጂ ነው። ዋናው በ1934 ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሲመሽ ቅዱስ ሚካኤል ድልድይ ላይ ቁሚ። ሦስቱ ማማዎች ከአንዱ ኋላ ሌላው በመብራት ተደርድረው ይታዩሻል። ብርዱን እስክትረሺ ድረስ ብትቆሚ አልፈርድብሽም።

አሁን ወደ ጾሙ። ጌንትን የመረጥኩልሽ ለዚህም ነው። ከ2009 ጀምሮ ሐሙስን ሥጋ የማይበላበት ቀን ለማድረግ የምትቀሰቅስ ከተማ ናት። የሥጋና የወተት ተዋጽኦ የሌለው ምግብ በቀላሉ ይገኛል። «ቪጋን» በዪ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። «ቬጂቴሪያን» ካልሽ ግን ዓይብና እንቁላል ሊመጣልሽ ይችላል። ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ስለ ድንች ጥብስ ነው። የቤልጂየም ድንች ጥብስ በየመንገዱ ይሸጣል፣ ሽታው ይጠራል። ድንች ስለሆነ ጾም ይመስላል። በባህሉ ግን ሁለት ጊዜ የሚጠበሰው በከብት ሞራ ነው። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ፣ ስለዚህ ሳታዢ ጠይቂ። የሙስሊም ጓደኞችሽ ቢሄዱም ይህንኑ ንገሪያቸው። በውስጡ ሙሌት ያለው ቸኮሌትም ብዙውን ጊዜ ቅቤና ክሬም ስላለበት ለገና አቆዪው። ለራስሽ ወተት የሌለበትን ጥቁሩን ግዢ። ቆሎ መቋጠሩንም አትናቂው፣ ባቡር ውስጥ ይጠቅምሻል።

እሁድ ጠዋት ሻንጣሽን ይዘሽ አንትወርፕ። ጣቢያው ውስጥ የሻንጣ ማስቀመጫ ሳጥን አለና እዚያ ቆልፊበት። ከዚያ ቶሎ አትውጪ። በ1905 የተጠናቀቀ ጣቢያ ነው። ባቡሮቹ በተለያየ ፎቅ ላይ ይቆማሉ፣ ከታች በ2007 የተከፈተው መተላለፊያ አለ። ከታችኛው ፎቅ ቀና ብለሽ ስታዪ የሁሉም ፎቅ ባቡሮች ከነመስታወት ጣሪያው አንድ ላይ ይታዩሻል። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝና እዚያ ቆሜ አልጠግብም።

ከዚያ ወደ ወንዙ ውረጂ። በስኬልድ ወንዝ ሥር በ1933 የተከፈተ የእግረኛ ዋሻ አለ። 572 ሜትር ይረዝማል፣ አይከፈልበትም። ቁልቁል የሚያወርዱሽ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች እስከ ዛሬ የእንጨት ናቸው። ማዶ ስትወጪ ከተማዋ በሙሉ ፊት ለፊትሽ ናት። ተመልሰሽ ከሰዓት ካቴድራሉ ለጎብኚ ሲከፈት ግቢ፣ ሠዓሊው ሩበንስ የሳለውን «ከመስቀል ማውረድ» የተባለ ሥዕል ታገኛለሽ። ከላይ ካሉት ሰዎች አንዱ እጁ አልበቃው ብሎ ነጩን ጨርቅ በጥርሱ ነክሶ ይዟል። እሱን ሳታዪ እንዳትወጪ።

ብራስልስ መመለስ አያስፈልግሽም። ከአንትወርፕ ኤርፖርቱ ሥር ድረስ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፣ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። ትኬት ስትቆርጪ መድረሻሽ ኤርፖርት መሆኑን ንገሪያቸው፣ የራሱ ተጨማሪ ክፍያ አለው። በረራሽ ሦስት ሰዓት ሲቀረው እዚያ ሁኚ።

ልብስን በተመለከተ፣ ዝናብና ብርድ አብረው ነው የሚመጡት። ቀን ላይ እንኳ ከ10 ዲግሪ በታች ነው። ወፍራም ካፖርት ሰልባጅ ተራ ፈልጊ፣ ደህና ታገኛለሽ። ጫማሽ ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ለስላሳ ያልሆነ ይሁን፤ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። መልካም ጉዞ!