ያገለገለ ቼንሶ ላይ ባርና ሰንሰለት ከመቀየርህ በፊት የውስጡን ጥርስ እይ

ወንድሜ፣ ጎንደር ውስጥ ያገለገለ ባለ 52 ሲሲ የቻይና ቼንሶ (በሞተር የሚሠራ የእንጨት መቁረጫ መጋዝ) ገዝተህ ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሄድበት ረጅም ብረት፣ ጎብጦ፣ ሰንሰለቱም እየወለቀ እንዳስቸገረህ ጽፈሃል። አንዱ ባለሱቅ «22 ኢንች ውሰድ፣ ሁሉም ላይ ይገባል» ብሎሃል፤ ሌላው ደግሞ «አሮጌውን ባር አምጣና በእሱ ልክ ልስጥህ»። የትኛውን ልስማ ነው ጥያቄህ። የሁለተኛው ይሻላል፣ ግን እሱም ብቻውን አይበቃም። ያገለገለ ማሽን ላይ ያገኘኸው ባር ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ይሁን ከሌላ ማሽን የተነቀለ በምን ታውቃለህ? መነሻህ ከጎን ክዳኑ ሥር ያለው፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ ይሁን፤ ስፕሮኬት የሚሉት ማለት ነው። ባሩም ሰንሰለቱም የሚመረጡት ለእሱ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ልንገርህ። አንድ የቆላድባ ሰው ልክ እንዳንተ ያገለገለ ገዝቶ፣ አዲስ ባርና ሰንሰለት ካስገባለት በኋላ ሰንሰለቱ እየዘለለ ሲያስመርረው ማሽኑን ይዞልኝ መጣ። ክዳኑን ስንከፍት በዘይት የተለወሰው ሰጋቱራ ውስጥ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብረት ተቀላቅሎበታል። ባሩ ላይ 0.325 ተጽፏል፣ ሰንሰለቱም 0.325 ነው፤ ይህ ቁጥር የሰንሰለቱ ማያያዣዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ በኢንች የሚናገር ነው። ጥርሱን በቤንዚንና በብሩሽ ስናጸዳው ግን 3/8 የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ቀድሞ የያዘው ሰው የሌላ ማሽን ጥርስ ገጥሞበት ኖሯል። አዲሱ ሰንሰለት ከሥር ያሉት ሹሎቹ ጎን ለጎን ተበልተው ገና እንጨት ሳይጠግብ ተጣለ። ያ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ባሩን ብቻ አይቶ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ከፊተኛው መያዣ ፊት ያለውን የእጅ መከላከያ ወደ ኋላ ጎትተህ ፍሬኑን ልቀቅ። በእንዲህ ዓይነቶቹ ማሽኖች ፍሬኑ ያለው ክዳኑ ውስጥ ስለሆነ እንደያዘ ካወጣኸው ስትመልሰው አልገባም ይልሃል። ሁለቱን ዳዶ ፈትተህ ጥርሱን አጽዳና የተጻፈበትን አንብብ። በባለ 52 ሲሲዎቹ ላይ በብዛት የሚገኘው 0.325 ባለ 7 ጥርስ ነው። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ ሰንሰለቱን ለካ፤ ተከታታይ ሦስት ሪቬት (የሰንሰለቱ ማያያዣ ምስማር) ያዝና ከመጀመሪያው መሀል እስከ ሦስተኛው መሀል ማስመሪያ ዘርጋበት። 16.5 ሚሊ ሜትር ካገኘህ 0.325 ነው። 19 ከሆነ 3/8 ነው፣ 20.5 ከሆነ ደግሞ የትልልቆቹ ማሽኖች 0.404 ነው። ከዚያ ሰንሰለቱን ጥርሱ ላይ በእጅህ ጠቅልለው። ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ቁጭ ካለ ይስማማሉ፤ አንዱ እንኳ ከፍ ብሎ ከቀረ አይስማሙም።

ጥርሱን ካየኸው አይቀር ጤንነቱንም እይ። ሰንሰለቱ እየሄደበት የቦረቦረው ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከጠለቀ ከባሩና ከሰንሰለቱ ጋር አብረህ ቀይረው። የተበላ ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት ቶሎ ያበላሸዋል፣ የጥርሱ ዋጋ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ጥርሱን ለማውጣት ፍሪሲዮኑን መፍታት ካለብህ የአብዛኛው ቼንሶ ፍሪሲዮን የሚላላው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ እንደ ተራ ብሎን ወደ ግራ እየታገልክ እንዳትሰብረው።

ቀጥሎ ውፍረት። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ባሩ ቦይ ውስጥ ገብተው የሚሄዱት የሰንሰለቱ ሹሎች 1.1፣ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፣ ቦዩም በዚያው ልክ ይሠራል። ወፍራም ሰንሰለት ጠባብ ቦይ ውስጥ ስለማይገባ ሱቅ ውስጥ ወዲያው ይታወቃል። የሚጎዳህ ተቃራኒው ነው። 1.3 ሰንሰለት 1.5 ቦይ ውስጥ እሺ ብሎ ይገባል፣ በእጅ ስትጎትተውም ይሄዳል። ግንድ ሲነካ ግን ወደ ጎን ይጋደማል፣ አቆራረጡ ይጣመማል፣ አንተ ደግሞ የሰንሰለቱ ቆራጭ ጥርስ የደነዘዘ መስሎህ በሞረድ ስትጨርሰው ትከርማለህ። ያንተ ዓይነት ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ በብዛት የሚይዘው 1.5 ነው፣ በኢንች ሲጻፍ 0.058። ይህን በማስመሪያ ማወቅ አይቻልም። ካሊፐር ያለው ቶርኖ ቤት ጎራ ብለህ የሰንሰለቱን ሹል አስለካ። የአሮጌውን ባር ቦይ እንዳታስለካ፤ በሥራ ብዛት ስለሚሰፋ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል።

የታወቁት ፋብሪካዎች ሹሉ ላይ ምልክት ስለሚመቱበት እሱንም ፈልግ። ስቲል (Stihl) የተባለው ፋብሪካ ሰንሰለት ሹሉ ላይ 3 ካለ 1.3 ነው፣ 5 ካለ 1.5፣ 6 ካለ 1.6። ኦሪገን (Oregon) በተባለው ፋብሪካ ሰንሰለት ላይ 20፣ 21 ወይም 22 ካየህ ሦስቱም 0.325 ናቸው፤ ውፍረታቸው በቅደም ተከተል 1.3፣ 1.5 እና 1.6 ነው። ያንተ ማሽን እንደ ፋብሪካው ከሆነ የምትፈልገው 21ን ነው።

ሱቅ ገብተህ ደግሞ «የ18 ኢንች ሰንሰለት ስጠኝ» ብለህ ዝም አትበል። 0.325 የሆነ የ18 ኢንች ሰንሰለት እንደ ማሽኑ ባለ 68ም፣ ባለ 72ም፣ ባለ 74ም ሹል አለ። ሦስቱም 18 ተብለው ይሸጣሉ፣ ካንተ ባር ጋር የሚሄደው ግን አንዱ ብቻ ነው። በባለ 52 ሲሲዎቹ ላይ የተለመደው ለ20 ኢንች 76፣ ለ18 ኢንች 72 ነው። አንዱን ሹል በቀለም ምልክት አድርግና ዞረህ ቁጠር፣ ባለሱቁም ፊትህ ይቁጠርልህ።

«ሁሉም ላይ ይገባል» የሚለው ነገር የሚፈርሰው የባሩ ጭራ ላይ ነው። ሁለቱ ብሎኖች የሚገቡበት ረጅሙ ክፍተት ስፋቱ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ሰንሰለቱን የምታጠብቅበት ፒን የሚገባበት ቀዳዳም፣ ዘይቱ የሚገባበት ትንሿ ቀዳዳም ቦታቸው አንድ አይደለም። ሰው ክፍተቱን ብቻ አይቶ ገባ ይላል። የዘይቱ ቀዳዳ ከማሽኑ ዘይት ማውጫ ጋር ካልተገናኘ ዘይቱ ከሥር ይፈሳል፣ ባሩ ደርቆ ይሄድና ከንፈሩ ግሎ ሰማያዊ ይሆናል። በዚያ ሁኔታ አዲስ ባር ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ማሽኑን በጆንያ ጠቅልለህ ራሱን ይዘህ አራዳ ገበያ ውረድ። ባሩን እዚያው ብሎኖቹ ላይ አስገባው፣ ፒኗ ቀዳዳዋ ውስጥ መግባቷን፣ የዘይት ማውጫውም ከባሩ ቀዳዳ ትይዩ መሆኑን በዓይንህ ካላየህ ገንዘብ አታውጣ።

አሁን ርዝመቱ። 22ቱን አልመክርህም፣ 18 ውሰድ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚቀንስ እኛ ጋ ሲደርስ ከአምስት አንድ እጁ ጠፍቷል። 52 ሲሲ ያልከው ማሽን እዚህ የሚሠራው ቆላ ላይ ያለ 42 ሲሲ በሚሠራው መጠን ነው። ደባርቅ ይዘኸው ከወጣህ ከዚያም ይወርዳል። ረጅም ባር ተጨማሪ ሰንሰለት ይጎትታል፣ ተጨማሪ ዘይት ይፈልጋል፣ የነዚህ ማሽኖች ዘይት ፓምፕ ደግሞ ትንሽ ነው። የባሩ ጫፍ ከእጅህ በራቀ ቁጥርም ምን እየነካ እንደሆነ አታይም። ማሽን ወደ ላይና ወደ ራስህ ተመልሶ የሚወረወረው የጫፉ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ ስለሆነ ይህን በዋዛ አትለፈው። በዙሪያችን የሚቆረጠው በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው፤ ለአጣናና ለቋሚ 18 ኢንች ይተርፋል፣ ወፍራም ግንድ ቢያጋጥምህ ከሁለት ጎን ትቆርጠዋለህ።

ከፍታን ካነሳን አይቀር፣ ማሽኑ እዚህ ጥቁር እያጨሰ ካንዴላው የሚረጥብ ከሆነ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚኑን ትንሽ መቀነስ ይገባል። ያን አስተካክለህ ግን ለሥራ መተማ ይዘኸው ከወረድክ መልሰህ ቤንዚን ጨምርለት። እዚህ ቤንዚኑ የተቀነሰ ማሽን እዚያ ቆላ ላይ ሙሉ ጋዝ ከተሰጠው ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል።

የሰንሰለቱን ቆራጭ ጥርስ ከላይ ሆነህ ጥጉን ተመልከት። ጥጉ እንደ ስለት የሾለ ከሆነ ንጹሕና ለስላሳ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፣ አፈር ሲነካ ግን ወዲያው ይደነዝዛል። ጥጉ ክብ ያለው ትንሽ ይዘገያል፣ ስለቱ ግን ይቆያል። የኛ ባህር ዛፍ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ቅርፊቱ አቧራ የጠጣ ነው፣ ከደረቀ ደግሞ ይጠነክራል። ክብ ጥግ ያለውን ውሰድ። ከጥቅል ላይ ተቆርጦ የሚሸጥልህ ከሆነ የተቀጠለበትን ሪቬት ፈልገህ በጣትህ እጠፈው። በመዶሻ ብቻ ተቀጥቅጦ የታሰረ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ግትር ይላል፤ እንዲህ ያለውን መልስለት፣ ጥርሱ ላይ በዞረ ቁጥር ይመታል።

የጎበጠውን ባር በመዶሻ አቃናለሁ ብለህ አትድከም። ሰንሰለቱ የሚወልቅብህ በከፊል በእሱ ሊሆን ይችላል፤ የጭራውን ልክ ለማስተያየት ካገለገለህ በኋላ ተወው።

ስትገጥም የላይኞቹ ጥርሶች ወደ ጫፉ ይዩ። የባሩን ጫፍ ወደ ላይ ደግፈህ እያለ ዳዶዎቹን አጥብቅ፣ ሰንሰለቱ ከሥር ሳይንጠለጠል በእጅ ሲጎተት በቀላሉ መሄድ አለበት። አዲስ ሰንሰለት መጀመሪያ ላይ ስለሚላላ ጥቂት ከቆረጥክ በኋላ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ሲበርድ ደግመህ አጥብቀው። በሙቀቱ አጥብቀህ ካሳደርከው ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ባሩንም የሞተሩንም ዘንግ ይጫናል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትጨምርበት፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ ብረትና ጥቀርሻ ፓምፑንና ያቺን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። ዘይቱ መድረሱን ለማየት ጫፉን ወደ ነጭ ካርቶን አስጠግተህ ጋዝ ስጠው፣ ቀጭን የዘይት መስመር መሳል አለበት። ለ0.325 የሚሆነው ክብ ሞረድ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ አያያዙ 30 ዲግሪ፤ ከሰንሰለቱ ጋር እዚያው ግዛው።

ጥርሱን ስታጸዳ 3/8 ሆኖ ከተገኘ ግን 72 ያልኩህም፣ 21 ያልኩህም፣ ሞረዱም አይሆኑህም። ያኔ ምንም ሳትገዛ የጥርሱንና የባሩን ጭራ ፎቶ እዚህ ለጥፍ፣ በዚያ ልክ አይቼ እነግርሃለሁ።